ማቆም የሚያውቅ በራድ

ጋሽ ይሁኔ ማረፋቸውን የነገረኝ ከድር ነው። እሑድ ጠዋት አምበር ከተማ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ውኃ ጥጄ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። ከድር ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር የሸቀጥ ሱቅ አለው። የጋሽ ይሁኔ ቆርቆሮ ቤት ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል።

«ኢንጂነር፣ ጋሽ ይሁኔ አረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ አልፈው አገኘቻቸው። ቀብሩ ነገ ነው።»

«እሺ» አልኩት።

ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላለፈ እንደተባለ ሰው ነበር «እሺ» ያልኩት። ስልኩን አስቀምጬ ሻይ ቀዳሁ። ብርጭቆውን ፊት ለፊቴ አድርጌ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ድረስ አየሁት፤ ከዚያ ደፋሁት። ጋሽ ይሁኔ ቢያዩኝ ይቆጡ ነበር። ሻይ ቀድቶ ማቀዝቀዝ እንግዳ ጠርቶ በር እንደ መዝጋት ነው ይሉ ነበር።

ጋሽ ይሁኔ የይጁቤ ሰው ናቸው፤ ማርቆስ የገቡት በወጣትነታቸው ነው። ከላሜራና ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ማጥለያ፣ ማንጠርጠሪያ፣ የአበባ ውኃ ማጠጫ ይሠሩ ነበር። ይህን የሚሠሩት ለእንጀራ ነው። ለራሳቸው የሚሠሩት በራድ ነበር። ሌላው ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚለውን እሳቸው በራድ ብቻ ነበር የሚሉት፤ እኔም ያንኑ ስም ለመድኩ።

ያወቅኳቸው ከዩኒቨርሲቲ በተመለስኩበት ዓመት ነው። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ እቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቂጡ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ አስይዛ ወደ እሳቸው ላከችኝ። ከበሩ ላይ ቆሜ ዕቃውን ዘረጋሁላቸው። ሰላምታዬ ከአፌ ይውጣ አይውጣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ተቀብለው አገላበጡት። «በሽተኛ ነው ወይስ አልቃሻ ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም።

ቀዳዳውን በጣታቸው ደፍነው ውኃ ሞሉትና በጣሳ ላይ ቀዱ። ከዚያ ድንገት አቆሙ። የመጨረሻዋ ጠብታ ከአፉ ሥር ዞራ፣ በአንገቱ ተንሸራታ ሆዱ ላይ ወረደች።

«አየሽ? የቂጡ በሽታ ነው፣ ይደፈናል። ይሄ ግን አመል ነው፤ አልቃሻ ነው።»

ቂጡን ደፈኑት። ከዚያ ሳይጠየቁ የአፉን ጠርዝ በሞረድ እየሳሉ አሳሱት፤ ጫፉን በትንሹ ወደ ታች ቆለመሙት። ውኃ ሞልተው ቀዱ፣ አቆሙ። ጠብታ አልወረደም።

«በራድ የሚመዘነው ሲቀዳ አይደለም፤ ሲያቆም ነው። መቅዳትማ የተቀደደ ጣሳም ይቀዳል» አሉ።

ጠብታዋ ለምን እንደምትዞር አውቅ ነበር፤ ተምሬዋለሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የምታውቂው ነገር አለ። አፍሽን የት ነው የጣልሽው?»

አቀረቀርኩ።

«እንግዲያው በእጅሽ ንገሪኝ» ብለው የብስኩት ካርቶን ቀደው፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው ሰጡኝ። ፈሳሹ ጠርዙን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጠርዙ ሲሳሳ ደግሞ እንዴት እንደሚለቅ ሣልኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን አርባ ዓመት እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔ ግን ዛሬ ነው ያየው» አሉ። ካርቶኑን በምስማር ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በማግስቱ እናቴ ሳትልከኝ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስቡትን በራድ ሁሉ በካርቶን ላይ እየነደፍኩ እሰጣቸው ነበር። ደመወዝ አልነበረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መሄጃ ያለኝ ሰው መሆኔ በቂዬ ነበር።

ሻይ ሲጠጡ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የማርቆስ ብርድ በፀሐይ ላላ ሲል፣ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጠው በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። በጾም ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ጦስኝ ወይም ቅርንፉድ ጣል ያለበት ሻይ ነው የሚወዱት። ሲቀዳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ብርጭቆውን በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ወደ አፍንጫቸው ያመጡና ያቆዩታል። ፉት የሚሉት እንፋሎቱ ጺማቸውን መንካት ሲተው ነው።

«ሻይ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠጣ» ይሉ ነበር። «በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በአፍ። ሰው በሦስተኛው ብቻ ይጠጣና ስኳር አነሰኝ ይላል።»

ከድር ከሱቁ ብቅ ብሎ ይለክፋቸዋል። «ጋሽ ይሁኔ፣ እርስዎ ሻይ ሲጠጡ ያየ ሰው ጸሎት ላይ ያሉ ይመስለዋል።»

«አንተ ስትጠጣ ያየህ ደግሞ ቤቱ ተቃጥሎ እሳት የሚያጠፋ ይመስለዋል።»

የሠሯቸው በራዶች በዓይኔ ላይ አሉ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ በሁለት እግር ላይ ተንጠልጥሎ በጣት ብቻ ሲነካ የሚያዘነብል በራድ ሠሩ። መምህሩ ሰው ሳያግዛቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዱ ዕለት ሻዩን ሳይጠጡት ረጅም ጊዜ እያዩት ተቀመጡ። ጦስኙ ሳይመርር የሚወጣበት፣ ከክዳኑ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ቅርጫት ያለው በራድም ነበር። ብዙ ሰው እየመጣ ይስቅ ነበር፤ ከሳቀው ውስጥ ግማሹ ይገዛል።

ባለሁለት ክፍሉን በራድ ያሠሯቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ ከቆርቆሮ ቤቱ ማዶ ሻይ ቤት አላቸው። ምድጃቸው አንድ ነው። ሻይ ሲጥዱ ወተቱ ይቀዘቅዛል፤ ወተት ሲጥዱ ሻይ ፈላጊው ይጮኻል።

«ሁለት በራድ የሚችል ምድጃ ሥራልኝ» አሏቸው።

«ለምን ሁለት ምድጃ የሚችል በራድ አልሠራልሽም?» አሉ ጋሽ ይሁኔ። ሲሉት ቀልድ ነበር። ማታውን ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረላቸውም።

ሦስት ቀን ያህል ከሰው ጋር አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን ከድር የዘይት ቆርቆሮ በምስማር ሲበሳ አይተው ተነሡ።

«ማስተዋል፣» አሉኝ፤ ስሜን እምብዛም አይጠሩም ነበር፤ «ዘይት ስትቀጂ ቆርቆሮውን ለምን ሁለት ቦታ ትበሽዋለሽ?»

«አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለአየሩ።»

«የአየሩን በጣትሽ ብትደፍኚውስ?»

«ዘይቱ ይቆማል።»

«በቃ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

ሐሳቡ ይህ ነበር። አንድ በራድ፣ መሀሉ በላሜራ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ። በአንዱ ወገን ሻይ፣ በሌላው ወተት። አፉ አንድ ነው፤ ግድግዳው ግን ውስጥ ውስጡን እስከ አፉ ጫፍ ይዘልቃል። እጀታው ባዶ ቱቦ ሆኖ ሁለት ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉት። የወተቱን ቀዳዳ በጣት ከደፈኑት ሻይ ብቻ ይወርዳል፤ የሻዩን ከደፈኑት ወተት ብቻ። ሁለቱንም ከለቀቁ ሻይ በወተት።

ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሠራው አንድ ነገር አየሁ። ግድግዳው ከበራዱ ወለል ጋር የሚያያዘው በእሳት በቀላሉ በሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ነው። በሁለቱም ወገን ፈሳሽ እስካለ ድረስ ችግር የለም። አንዱ ወገን አልቆ በራዱ ከሰል ላይ ከቆየ ግን፣ የሚያቀዘቅዘው ስለሌለ ስፌቱ ይለቃል። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ።

ለጋሽ ይሁኔ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አርባ ዓመት የበየዱ ሰው ናቸው፤ ስፌትዎ አይይዝም ብዬ እንዴት እጀምራለሁ? ስለዚህ ከካርቶኑ ጥግ ላይ በቀጭን እርሳስ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። የንድፍ ማሳሰቢያ በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ ነው የተማርኩት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲሆን ትልቅ ሰው ማረም አልመሰለኝም። ጋሽ ይሁኔ እንግሊዝኛ አያነቡም። ይህንንም አውቅ ነበር።

በራዱ ሲያልቅ የገበያው ሰው ለማየት መጣ። እትዬ ብርቄ ጣታቸውን እያፈራረቁ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ነጭ ሲቀዱ ሕፃን አዋቂው ያጨበጭብ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛው ሻዩን፣ ከድርና የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች ሻይ በወተታቸውን ከአንድ በራድ ይጠጣሉ። ጋሽ ይሁኔ በዚህ ደስ ይላቸው ነበር፤ በግልጽ አልተናገሩትም፤ ግን በነዚያ ቀናት ቆርቆሯቸውን አንሥተው ማዶ ተሻግረው ይቀመጣሉ።

በሻይ ቤቱ በር ላይ በጾም ቀን ከቅዳሴ መልስ የሚቀመጡ አንዲት መነኩሴ ነበሩ፤ እማሆይ ወለተ ሐና። እትዬ ብርቄ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለነፍሳቸው ብለው ይሰጧቸዋል። በራዱን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ብርጭቆውን ሳይቀበሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ብርቄ፣ ይህ የጾም ዕቃ ነው?»

እትዬ ብርቄ ወደ ጋሽ ይሁኔ ዞሩ።

«እማሆይ፣ መሀሉ ግድግዳ ነው» አሉ ጋሽ ይሁኔ። «ሻዩና ወተቱ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አልተጋቡም።»

«አንተ ይሁኔ፣ የኔን ጾም በቀልድ አትሸፍነው። ዋስ ትሆናለህ?»

ጋሽ ይሁኔ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ዋስ ነኝ እማሆይ። ጥፋቱ በኔ ይሁን።»

እማሆይ ብርጭቆውን ተቀበሉ። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። የጻፍኩት ማሳሰቢያ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የሆነው በነቢያት ጾም፣ በአንድ ዓርብ ነው። ብርድ ነበር፤ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ ሻይ ቤቱን ሞላው። ሁሉም ጥቁር ሻይ ነው የሚያዝ። የሻዩ ወገን ሁለት ጊዜ አለቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ እትዬ ብርቄ የተዘጋጀ ሻይ ስላልነበራቸው ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ገቡ። በራዱ ከሰሉ ላይ ቀረ፤ በአንድ ወገን ወተት፣ በአንድ ወገን ባዶ።

አየሁት። ከኔ እስከ ምድጃው አራት እርምጃ ቢሆን ነው። «እትዬ ብርቄ፣ በራዱን ያንሡት» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። ቤቱ በወንዶች ተሞልቷል። ሁሉም ዞሮ እንደሚያየኝ አሰብኩ። ሳስብ እትዬ ብርቄ ሻዩን ይዘው ተመለሱ፤ ሞሉት፤ ቀዱ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእማሆይ ሰጡ።

እማሆይ ፉት አሉ። ብርጭቆውን አዩት። ደግመው ፉት አሉ። ከዚያ እግራቸው ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ብርቄ» አሉ በቀስታ። «ወተት አለው።»

አጠገባቸው የነበረ አንድ ደላላ በአፉ የያዘውን ተፋ። «ምን? ምን አሉ? ጾም አስገደፋችሁን?» ቤቱ በአንድ ጊዜ ጫጫታ ሆነ። ደላላው ተነሥቶ «ድሮም ከቀጥቃጭ እጅ ምን ይጠበቃል!» አለ።

ጋሽ ይሁኔ ከውጭ ገቡ። ለማንም ሳይናገሩ ከሻዩ ወገን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው ወደ በሩ ብርሃን አነሡት። ሻዩ ጉም የገባበት መስሎ ደፍርሷል። አፍንጫቸው አጠገብ አምጥተው አሸተቱ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ከእማሆይ ፊት ተንበረከኩ።

«እማሆይ፣ የኔ እጅ ነው። ይፍቱኝ።»

እኔ ተነሥቼ ነበር። ሰው መነሣቴን አላየም። ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እማሆይ ከንስሐ አባታቸው ቀኖና ተቀበሉ ተባለ። ሻይ ቤቱ ለጥቂት ሳምንት ጭር አለና ሰው ተመልሶ መጣ። ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ግን ለበራድ የሚመጣ ጠፋ። ማጥለያ ይገዟቸው ነበር፤ በማጥለያ ጾም አይፈርስም። ሰው እያለፈ «ዋሱ!» ይላቸዋል። ጋሽ ይሁኔ በራሳቸው ላይ ሌላ ቀኖና ጣሉ፤ አንድ ዓመት ሻይ አልጠጡም። አራት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው ቆርቆሮ ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ መዳፋቸው ባዶ ነው። ከድር መለከፉን ተወ።

ገና አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ አንድ ቀን ስገባ ያ የእትዬ ብርቄ በራድ ተቆርጦ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። በመቀስ ለሁለት ከፍለውታል፤ የቀለጠው ስፌት ይታያል። አጠገቡ ካርቶኑ ተቀምጧል።

«ይህቺ ጥግ ላይ ያለችው ጽሑፍ፣» አሉ፣ «ስምሽ ትመስለኝ ነበር። ስም ግን እንዲህ አይረዝምም። አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። ከዚያ በአማርኛ ነገርኳቸው። አንዱ ወገን ባዶ ሆኖ እሳት ላይ እንዳይቀመጥ፣ ስፌቱ ይለቃል።

 ማዶ እትዬ ብርቄ ብርጭቆ ሲያጥቡ ይሰማ ነበር።

«ይህን ያህል ታውቂ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

«እኔን?» አሉ። የተላጠ፣ በእሳት የተጠባበሰ እጃቸውን ዘርግተው አገላብጠው አዩት፤ ምኑ እንደሚያስፈራ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ለእማሆይም፣ ለሰውም። የኔ ጥፋት እንደሆነ።»

«ዛሬ?»

ዓይኔን ወደ ካርቶኑ መለስኩ።

«አየሽ፣ አሁን ከነገርሽ ሸክሙን ከኔ ልታወርጂ ነው እንጂ አፍሽ ስለተፈታ አይደለም። ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። አንቺ ገና ሥራ ትፈልጊያለሽ፤ በዚህ ከተማ ስም አንዴ ከቆሸሸ በአመድም አይለቅ። ይቆይ። አንድ ቀን አፍሽ ራሱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አትያዢው።»

ካርቶኑን መልሰው ሰቀሉት። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ከእንግዲህ ግን ስትጽፊ በአማርኛ ጻፊ።»

በሚቀጥለው ዓመት አምበር፣ በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ሥራ አገኘሁ። የእጅ ፓምፕ ተከላና ጥገና ነው ሥራዬ። በየፓምፑ ላይ የምለጥፈውን ማሳሰቢያ በትልልቁ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ከዚያም የመንደሩን ሰው ሰብስቤ በቃሌ እነግራለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እናገራለሁ። ማርቆስ ስመጣ ጋሽ ይሁኔን እጠይቃቸው ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ሻይ መጠጣት ጀምረዋል። ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁም። አንድ ቀን ስል ሦስት ዓመት ሞላ።

ሰኞ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ማክሰኞ ድንኳን ሄድኩ። እማሆይ ወለተ ሐና ከሴቶቹ መሀል፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ ሻይ ያዞራሉ።

ደላላው ከወንዶቹ መደዳ ነበር። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ስለ ሟቹ አወራ፤ ደግነታቸውን፣ ጨዋታቸውን። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግ ሰው ነበር። ያቺ በራድ ባትኖር ኖሮ።»

«አዎ፣ ያቺ በራድ» አለ ሌላው።

ነጠላዬ ከትከሻዬ ወረደ፤ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

«በራዱን የነደፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

 ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያን ዓርብ የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ሲደርስ ግን እንደ ማንኛውም ጊዜ መታየት ብቻ ነው።

«ስፌቱ እንደሚለቅ አውቅ ነበር። አልነገርኳቸውም። በዚያን ቀን ባዶውን ከሰል ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ጋሽ ይሁኔ ምንም አላጠፉም።»

«እንግዲህ ልጄ፣ ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ደላላው መሬት መሬት ያያል። ከድር በእጁ አፉን ሸፍኗል።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ እማሆይ።

ሄጄ ከፊታቸው ተንበረከክሁ። የእጄን አንጓ ያዙ። እጃቸው ቀላልና ደረቅ ነው።

«አልፈርድብሽም፤ እኔም የራሴ ጥፋት አለኝ» አሉ። ድምፃቸውን አልቀነሱም። «በዚያን ቀን የመጀመሪያውን ፉት ያልኩት ሳላውቅ ነው። ወተት መሆኑን ያን ጊዜውኑ ዐወቅሁ። ሁለተኛውን ግን ዐውቄ ነው የጠጣሁት። ከመነኮስኩ ወዲህ ሻይ በወተት በአፌ ዞሮ አያውቅም ነበር። ቀኖናዬም የሁለተኛው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ሰው ይሁኔን ሲሰድበው ዝም አልኩ። አፈርኩ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ለጋሽ ይሁኔስ?» አልኳቸው።

«በማግስቱ ነገርኩት።»

«ምን አሉ?»

እማሆይ ትንሽ ቆዩ። «‹ጣፈጠዎት?› አለኝ።»

እትዬ ብርቄ ብርጭቆ እንደያዙ ቆመዋል።  ሦስት ዓመት በዚያች ቆርቆሮ ቤት ስመላለስ የእማሆይን ለኔ አልነገሩኝም። የኔንም ለእማሆይ አልነገሯቸውም።

ከድር ተነሥቶ ወጣ። የቆርቆሮ ቤቱ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ እፊቴ ፈታው። በራድ ነበር። አዲስ፣ እሳት ያልነካው። እጀታው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ክዳኑን ስከፍት መሀሉ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ግድግዳ ነው፤ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተዋል። አንዱ ቢለቅ እንኳ ፈሳሹ ወደ ሌላው አይደርስም፤ በወለሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ወደ እሳቱ ይወርዳል፤ ሰውም ያውቃል። ይህን እኔ አልነደፍኩትም።

«ሊሸጡት አልፈለጉም» አለ ከድር። «‹ባለቤቱ ይመጣል› ይሉኝ ነበር።»

ሆዱ ላይ በምስማር እየተነቀሰ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር። እማሆይ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«ምን ይላል?»

«ባዶውን አይጣድ» ብዬ አነበብኩ።

«አልሰማሁም።»

«ባዶውን አይጣድ» አልኩ፤ ወንዶቹ መደዳ ድረስ ተሰማ።

እትዬ ብርቄ በራዱን አጥበው በአንዱ ወገን ሻይ፣ በሌላው ወተት ሞሉልኝ። አንሥቼ ያዝኩት። እጀታው ልኬ ነው። አውራ ጣቴ በአንዱ ቀዳዳ ላይ፣ ሌባ ጣቴ በሌላው ላይ አረፈ።

«እማሆይ፣ የትኛውን ልቅዳልዎ?»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ ነው እማሆይ» አለ ከድር ከኋላዬ። «የፍስክ ቀን ነው።»

ብርጭቋቸውን ዘረጉ። ሁለቱንም ጣቴን አነሣሁ። ሲሞላ አቆምኩ፤ የበራዱን አንገት አየሁት። ደረቅ ነበር።